አክሲዮኔን አላስነሳ ያለው ማን ነው? ስለ ማርኬት ሜከር አንድ ጥያቄና 29 መልሶች

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክሩን የከፈተው ሰው ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። በታክስ ተመላሹ ላይ ጥቂት ጨምሮ፣ ዋጋው አንድ ሳንቲም እንኳ የማይሞላ የኦቲሲ (ከዋና ዋናዎቹ የአክሲዮን ገበያዎች ውጭ የሚገበይ) አክሲዮን ገዝቷል። የኩባንያውን ስም አልጻፈም። ያንገበገበው ነገር ኩባንያው መልካም ዜና ባወጣ ቁጥር ዋጋው ጠዋት ብድግ ብሎ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ እቦታው መቀመጡ ነው። ሌቭል ቱ የሚባለውን፣ ማን በስንት እንደሚገዛና እንደሚሸጥ የሚያሳየውን ስክሪን ከፍቶ ሲያይ ያው አንድ ማርኬት ሜከር (ዋጋ የሚጠራ ነጋዴ ቤት) ቀኑን ሙሉ አስክ፣ ማለትም መሸጫው ዋጋ ላይ ተገትሯል፤ ቢገዙት ቢገዙት አያልቅም። በዚያ ላይ በየመሀሉ 100 አክሲዮን፣ አሁንም 100 አክሲዮን እየተባለ የሚያልፍ ግብይት ያያል። ይህን ሰው የሚቆጣጠረው ማን ነው፣ ሕጉስ ይፈቅድለታል ወይ፣ እኛ ትንንሾቹስ ምን እናድርግ ሲል ጠየቀና የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች አስረዱኝ ብሎ ዘጋ።

29 መልስ መጣለት። ግማሹ ለቁም ነገር፣ ግማሹ ለሳቅ ይሆናል። ዓመቶቹን ሁሉ ጸሐፊዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያስቀመጧቸው፤ እኔም እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

1ኛው መልስ የምስጢር ኮድ ይዞ ደረሰ። ማርኬት ሜከሮች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በአክሲዮን ብዛት ነው ይላል፦ 100 ማለት አክሲዮን እፈልጋለሁ፣ 200 ማለት በጣም እፈልጋለሁ፣ 300 ማለት ዋጋውን አውርድልኝ፣ 400 ማለት እዚያው አካባቢ አቆየው፣ 911 ማለት ዜና ሊወጣ ነው። ዝርዝሩን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት ብሎም መክሯል። 2ኛው አመሰገነ። 3ኛው ደግሞ 300 የምትለዋን ቁጥር በዓይኑ አይቶ በማግስቱ ዋጋው እንደወረደ መሰከረ። 300 ባላየባቸው ቀናት ዋጋው ምን እንደሆነ ግን አልነገረንም።

4ኛው መልስ ላይ ጨዋታው መረር አለ። ስልክና ቀጥታ መስመር ያላቸው ድርጅቶች፣ የፊንራ (የአሜሪካ ደላላ ቤቶችን የሚቆጣጠረው ድርጅት) ኮምፒውተር እያንዳንዷን ግብይት በሚመዘግብበት አደባባይ ላይ በአክሲዮን ቁጥር የሚንሾካሾኩት ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ዋጋው 0.003 የሆነ አክሲዮን 100 ፍሬ ማለት 30 ሳንቲም ነው፤ ያንን የሚያዘው ወይ ትልቅ ትእዛዝ የሚበጣጥስ ፕሮግራም ነው፣ ወይ ዋጋ የሚሞክር ሰው። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ መድረኮች ላይ ለዓመታት ሲዞር የኖረ እንጂ ማስረጃ ሲቀርብበት አይቶ እንደማያውቅም ጻፈ። እስከዚህ ድረስ እውነቱን ነው። መጨረሻ ላይ ግን ተረት ተረት ብሎ ብቻ ዘጋው፤ 5ኛው መልስ ደግሞ የላም በረት ከሚለው ሌላ ምንም የለበትም።

6ኛውን የጻፉት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ይመስላሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የጠራቸው። ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። ሰውን የሚያሳስተው ማርኬት ሜከርን እንደ ደላላ ማየቱ ነው ይላሉ። ደላላ ገዢና ሻጭ አገናኝቶ ኮሚሽኑን ይቀበላል፤ ዕቃው የእሱ ሆኖ አያውቅም። ማርኬት ሜከር ግን እህል በረንዳ መጋዘን ከፍቶ እንደተቀመጠ ነጋዴ ነው፤ ለሚሸጥለትም ለሚገዛውም ዋጋ ይጠራል፣ በገዛ ገንዘቡ ይገዛል፣ ከገዛ ክምችቱ ይሸጣል። የሚገዛበት ዋጋ ቢድ፣ የሚሸጥበት አስክ፣ በመሀላቸው ያለው ስፕሬድ ደግሞ እንጀራው ነው። ሻጭ በዝቶ ክምችቱ ሲያብጥበት ሁለቱንም ዋጋ ዝቅ ያደርጋል፤ ገዢ በዝቶ ሲሟጠጥበት ሁለቱንም ከፍ ያደርጋል። በትልልቆቹ አክሲዮኖች ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ እንደ እሱ ያሉ ስላሉ የአንዱ መጨነቅ አይታይም። ሦስትና አራት ብቻ በቀሩበት ትንሽ አክሲዮን ላይ ግን የአንዱ ክምችት ማበጥ ብቻውን የቀኑን ዋጋ ይወስናል። ለዚህ ተንኮል አያስፈልግም ነው የሚሉት ጋሼ።

እግረ መንገዳቸውንም እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ አያሸንፉም ብለው ናይት ካፒታልን አነሱ። ሌቭል ቱ ላይ ኤን አይ ቲ ኢ በሚሉ አራት ፊደላት ይታወቅ የነበረው፣ የኦቲሲ ነጋዴ ሁሉ የሚረግመው ቤት፣ ኦገስት 1 ቀን 2012 ላይ በተበላሸ ሶፍትዌር ምክንያት በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ 440 ሚሊዮን ዶላር አጣ። በማግሥቱ ዓመት ከጌትኮ ጋር ተዋሐደ፣ በ2017 ደግሞ ቨርቹ ጠቀለለው።

7ኛው መልስ ጋሼን አመስግኖ፣ ማብራሪያው ደስ ቢልም በቁጥር ካልታየ እንደማይገባው አስታወቀ። ለእሱ የመለሰችው 8ኛዋ ናት፤ ከሲያትል ነው የምትጽፈው። እዚያ ገበያው የሚከፈተው ከጠዋቱ 6:30 ላይ በመሆኑ ሥራ ከመግባቷ በፊት ስክሪኑን ታያለች። ከክሩ ሁሉ እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት የእሷን ነው።

አንድ ጠዋት ያየችውን እንዳለ አስቀመጠችው። ቢዱ 0.0031፣ አስኩ 0.0036። በ0.0036 አንድ ማርኬት ሜከር 10,000 አክሲዮን አሳይቷል። ከእሱ በላይ ሌላው በ0.0039 10,000፣ ሦስተኛው በ0.0044 10,000። 10,000 ያሳዩት በአጋጣሚ አይደለም፤ ዋጋቸው ከ10 ሳንቲም በታች ለሆነ የኦቲሲ አክሲዮኖች ፊንራ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የጥሪ መጠን ይኸው ነው። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፤ በ0.0036 ሲባዛ ግን 36 ዶላር ነው። ማርኬት ሜከሩ በጠራው ዋጋ እንዲሸጥ ግዴታ ያለበት ለዚያች ለ36 ዶላር ብቻ ነው።

በዚህ መሀል አንድ ሰው የ300,000 አክሲዮን ማርኬት ኦርደር (በተገኘው ዋጋ ግዛልኝ የሚል ትእዛዝ) ላከ። በ0.0036 እያሰላ 1,080 ዶላር ይሆናል ብሎ ነው የገመተው። የመጀመሪያው 10,000 በ0.0036 ተሞላለት። ቀጣዩ በ0.0039፣ ከዚያ በ0.0044፤ የቀረው አብዛኛው በ0.0047 አካባቢ። ቻርቱ ላይ አክሲዮኑ 30 ከመቶ ዘሎ ታየ። የሆነ ቦታ ደግሞ ያንን ዝላይ ያየ ሌላ ሰው እየሮጠ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ቢዱ አሁንም 0.0031 ነው፤ ማንም ከፍ አላደረገውም። ሰውየው ያን ጊዜ ልሽጥ ቢል ከገንዘቡ ሲሶው ሄዷል። ማንም አላሴረበትም ትላለች፤ የሚቸኩል ገዢ መጣ፣ ዋጋ ጠሪዎቹም እንደ ሰው ችኮላ ዋጋቸውን ከፍ ከፍ አደረጉ፣ ሲሄድ ተመለሱ። ማርኬት ሜከር ትንሽ አክሲዮን ላይ ያለው እውነተኛ ጉልበት ምን ያህል እንደሚያሳይ፣ በስንት ፍጥነት እንደሚሸሽ፣ ስፕሬዱን ምን ያህል እንደሚያሰፋ መወሰኑ ነው። 0.0005 ከምንም የማይቆጠር ይመስላል፤ በ0.0031 ላይ ግን 16 ከመቶ ነው። ገና ስትገባ 16 ከመቶ ከፍለሃል ስትል ጻፈች።

ስልክ ላይ የሚቀመጥ ነገር ከተፈለገ ይህ ነበር። ምስጋናው ግን የሄደው ወደ ኮዱ ዝርዝር ነው።

9ኛው መልስ አንድ መስመር ነው፦ በኦቲሲ ላይ ከሊሚት ኦርደር (የዋጋ ገደብ ካለው ትእዛዝ) ውጭ አትላኩ። 10ኛው ይህን ተቀብሎ ሌላ ክስ አመጣ፤ ማርኬት ሜከሮች የሰውን ስቶፕ ሎስ (ዋጋው እዚህ ከወረደ ሽጥልኝ የሚል ትእዛዝ) እያዩ ዋጋውን እስከዚያ ድረስ አውርደው አክሲዮኑን ከእጁ ያወጣሉ፣ ከዚያ ያስነሱታል። በራሱም ላይ ደርሷል፤ ከሸጠበት ዋጋ በታች አንድም ግብይት ሳይፈጸም ዋጋው ተነሣ። 11ኛው አረመው፣ በጨዋ አንደበት። የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ራሱ ከፌብሩዋሪ 2016 ጀምሮ ስቶፕ ኦርደር አይቀበልም፤ በኦቲሲ ላይ ደግሞ ብዙ ብሮከሮች ከነጭራሹ አይወስዱትም፤ የሚወስዱትም እነሱ ዘንድ ነው የሚያቆዩት። ደግሞም ገዢ በሌለበት አክሲዮን ላይ ስቶፕ ያስቀመጠ ሰው አዳኝ አያስፈልገውም፤ የ50 ዶላር ሽያጭ ይበቃዋል። እንዲህ ይበል እንጂ፣ ትእዛዞች ወደ ጅምላ ማርኬት ሜከሮች የሚላኩበትና ብሮከሩ በምትኩ ገንዘብ የሚቀበልበት አሠራር መኖሩን አልካደም። ሮቢንሁድ በዚሁ ጉዳይ ለደንበኞቹ በግልጽ አልተናገረም ተብሎ በዲሴምበር 2020 ለኤስኢሲ፣ ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ፣ 65 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል እንደተስማማም አስታወሰ።

12ኛው መልስ ከታሪክ ተነሣ፤ ማርኬት ሜከር ንጹሕ ነው የምትሉ ስሙ በሚል አጀማመር። በ1994 ክሪስቲ እና ሹልዝ የተባሉ ሁለት የፋይናንስ ምሁራን አንድ ያልተለመደ ነገር አሳዩ። ያን ጊዜ ዋጋ የሚጠራው በዶላር ስምንተኛ ነበር። እነሱ ከመረመሯቸው 100 የናስዳክ አክሲዮኖች በ70ዎቹ ላይ ጎዶሎዎቹ ስምንተኛዎች፣ ማለትም አንድ ስምንተኛ፣ ሦስት ስምንተኛና የመሳሰሉት፣ የሉም ማለት ይቻላል። ጎዶሎው ከተዘለለ ስፕሬዱ ከ25 ሳንቲም አያንስም፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ዋጋ ጠሪዎች ባሉበት ገበያ ይህ በአጋጣሚ አይሆንም። በሜይ 1994 ጋዜጦች ወሬውን ሲያወጡት፣ በማይክሮሶፍትና በሌሎች ትልልቅ አክሲዮኖች ላይ ጎዶሎዎቹ ቁጥሮች በድንገት ብቅ አሉ። በ1996 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ከ24 ድርጅቶች ጋር በስምምነት ጨረሰ፤ ባለሀብቶች በጋራ ያቀረቡት ክስ ደግሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስከፈለ። ምሁራን ቁጥር ቆጥረው ያስያዙት ሌብነት ይሉሃል ይህ ነው።

13ኛው ታሪኩን አልካደም፤ የተነሣው ጥያቄ ግን ስለ ትንንሾቹ ነው አለ። እነዚያ ብዙ የሚገበዩ ትልልቅ አክሲዮኖች ናቸው፣ የክፍልፋይ ዋጋም በ2001 ቀርቶ ሁሉም በሳንቲም ሆኗል። እውነት አለው። ግን 14ኛው ክፍተቱን ሞላው፤ የትንንሾቹ ታሪክ የባሰ ነው በሚል። ፈርስት ጀርሲ ሴኩሪቲስ የተባለውን የሮበርት ብሬናን ቤት ጠቀሰ። ቤቱ ራሱ ማርኬት ሜከር ነው፣ ራሱ ስልክ ደውሎ ለደንበኛ ይሸጣል፣ አክሲዮኑ ከሞላ ጎደል እጁ ውስጥ ስለሆነ ዋጋውን እንደፈለገ ይጠራል። በ1995 ፍርድ ቤት ወለዱን ጨምሮ ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልሱ ፈረደ። ስትራተን ኦክሞንትም በዚሁ መንገድ ሲሠራ ቆይቶ በ1996 መጨረሻ ከደላላ ቤቶች ማኅበር ተባረረ።

የሁለቱን ልዩነት ክሩ ላይ ማንም አላነሣውም፤ እኔ ላንሣው። ዋጋ የሚጠራ ቤትና አክሲዮኑን ሁሉ ይዞ ደንበኛ የሚያሳድድ ቤት አንድ አይደሉም። የኋለኛው ዋጋ ይፈጥራል። የዛሬዎቹ ቨርቹና ሲታደል ሴኩሪቲስ በሺህ የሚቆጠሩ አክሲዮኖች ላይ በፕሮግራም ዋጋ ይጠራሉ፤ የቨርጂኒያው ሰውዬ ኩባንያ ለእነሱ ከብዙ ሺህ መስመሮች አንዱ ነው። ዛሬ የፈርስት ጀርሲን ወንበር ማን ያዘው የሚለው ጥያቄ መልሱ እስከ 26ኛው መልስ ይቆየናል።

15ኛው በቁጣ ነው የገባው። ዋናውን ሌባ ትታችሁ ስለ ስፕሬድ ታወራላችሁ፤ ሌላው ነጋዴ ሾርት ለማድረግ (የሌለውን አክሲዮን ተበድሮ ለመሸጥ) አክሲዮን የሚበደርበትን መፈለግ አለበት፣ ማርኬት ሜከር ግን በ2005 ሥራ ላይ በዋለው ሬጉሌሽን ሾ በተባለው የኤስኢሲ ደንብ ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው፤ ስለዚህ የሌለ አክሲዮን እየፈጠሩ ይሸጣሉ። ማስረጃው ፊንራ በየቀኑ የሚያወጣው የሾርት ሽያጭ መጠን ነው፤ በእኛ አክሲዮን ላይ 55 ከመቶ ነው።

16ኛው ረጅም እርማት ነው፤ እንደሚመስለኝ በብሮከር ቤት የኋላ ቢሮ የሠራ ሰው ነው። ነፃነቱ አለ፣ ለእውነተኛ የማርኬት ሜከር ሥራ ብቻ ቢሆንም፤ ያልተሰጠ አክሲዮን ሲኖር ደግሞ ማርኬት ሜከሩም ቢሆን ርክክቡ ከነበረበት ቀን በኋላ ባለው ሦስተኛ የግብይት ቀን ገዝቶ መዝጋት አለበት። የ55 ከመቶው ነገር ግን ጨርሶ ሌላ ነው። ሰው 50,000 አክሲዮን ልግዛ ሲል ማርኬት ሜከሩ መጀመሪያ ይሸጥለታል፣ ከዚያ በሰከንዶች ውስጥ ከገበያው ገዝቶ ይተካል። ሲሸጥ እጁ ላይ ስላልነበረ ሽያጩ ሾርት ተብሎ ይመዘገባል። ቀኑ ሲያልቅ እጁ ባዶ ነው፣ የተመዘገበው ቁጥር ግን ይቀራል። ስለዚህ ከግዢ የተነሣ ሾርት ነው፤ አርባና ሃምሳ ከመቶ የተለመደ ነው። ሳይዘጋ የቆየውን ሾርት ማወቅ የሚፈልግ በወር ሁለት ጊዜ የሚወጣውን ሾርት ኢንተረስት ይመልከት።

17ኛው፣ ማለትም ያው 15ኛው ሰው፣ ሳይረጋጋ ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲል የነበረው አንተ ማለት ጀመረ፤ ለማን ነው የምትሠራው የሚል ጥያቄም ጨመረበት። ኤምኤምቲኤልፒን አነሣ። ዲሴምበር 9 ቀን 2022 ፊንራ ግብይቱን ያቆመበትና ዳግም ያልከፈተበት አክሲዮን ነው፤ ብዙ ሺህ ሰው ገንዘቡ እንደታሠረ በግል ኩባንያ አክሲዮን ተቀይሮበታል። ንዴቱ ይገባኛል፤ እዚያ ውስጥ የነበረ ሰው ከፊንራ የሚመጣ ቁጥር ሲያምን አይታየኝም። ግን ስለ ሾርት ሽያጭ መጠኑ የተነገረውን እርማት አልመለሰም። 18ኛው የመድረኩ አስተናጋጅ ነው፤ ሁለቱንም በስም ሳይጠራ ጨዋነት ይኑር፣ ስድብ ከቀጠለ ይዘጋል ብሎ አስጠነቀቀ።

ከዚህ ጭቅጭቅ በኋላ ሰው ተበትኖ ሳለ ነው 19ኛው የመጣው። የክሩ ቁልፍ እዚህ ነው ባይ ነኝ፤ ያመሰገኑት ግን ሁለት ሰዎች ናቸው።

አስክ ላይ ቀኑን ሙሉ የተገተረው ማርኬት ሜከር የሚሸጠው የራሱን አይደለም ይላል። ከበስተጀርባው ሌላ ሻጭ አለ፣ ብዙውን ጊዜም ያ ሻጭ ለኩባንያው ገንዘብ ያበደረ ሰው ነው። አሠራሩን እንዲህ ፈታው። ባንክ የማያበድረው ትንሽ ኩባንያ 100,000 ዶላር ይበደራል፤ ውሉ ግን አበዳሪው ዕዳውን በአክሲዮን መቀየር ይችላል ይላል፣ ያውም ባለፉት 20 የግብይት ቀናት ከታየው ዝቅተኛ ዋጋ በግማሹ። ዝቅተኛው ዋጋ 0.004 ከነበረ አበዳሪው በ0.002 ያገኛል፤ 50 ሚሊዮን አክሲዮን ማለት ነው። በ0.003 ቢሸጠው እንኳ አትራፊ ነው። ሲሸጥ ዋጋው ይወርዳል፤ ዋጋው ሲወርድ ለቀረው ዕዳ የሚደርሰው አክሲዮን ይበዛል። አበዳሪው የዋጋው መውረድ አያስፈራውም፣ ዕዳውን የሚቀይርበት ዋጋ አብሮ ይወርዳል። መልካም ዜናው ደግሞ ለዚህ ሰው ስጦታ ነው፤ ገዢ የሚመጣበት ቀን ነውና። ጠዋት ተነሥቶ ከሰዓት የሚተኛው ዋጋ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይሻም።

ማረጋገጫውን ሌቭል ቱ ላይ አትፈልጉት ብሎም ጨረሰ። ኩባንያው ለኤስኢሲ የሚያስገባው የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ፣ ስለ ዕዳ በሚያወራው ማስታወሻ ውስጥ፣ ከነቅናሹ ተጽፏል። የአክሲዮኑ ጠቅላላ ብዛት ከሦስት ወር በፊትና አሁን ስንት እንደሆነ ማወዳደር አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

20ኛው ማርኬት ሜከሩ ይህን አያውቅም ወይ ብሎ ጠየቀ። 19ኛው ራሱ መልሶ መጣና ይህን ያህል ከአንድ አቅጣጫ የሚጎርፍ አክሲዮን ሳያስተውል እንደማይቀር፣ በዚህም ቢዱን እንደሚያርቅ ጻፈ፤ ይህ 21ኛው ሆኖ ተቆጠረ። ወንጀለኛ አያደርገውም፣ ግን የቀረውን ገዢ አያድነውም።

22ኛው ላይ የክሩ ባለቤት ብቅ አለ። ሪፖርቱን ከፍቶ አይቷል፤ የአክሲዮኑ ብዛት ከ900 ሚሊዮን ወደ 2.3 ቢሊዮን ደርሷል። ይህን ጽፎ ሲያበቃ ግን፣ ቢሆንም አክሲዮኑ የሚሸጠው በማርኬት ሜከሮቹ እጅ ነው፣ ስለዚህ ከተጠያቂነት አያመልጡም አለ። በአንድ ቀን ሁሉን ማስረከብ ለሰው ይከብዳል።

23ኛው ከስቶክሆልም ነው። እኛ ጋ ትንንሽ ኩባንያዎች ባንክ ወይም ደላላ ቤት ቀጥረው፣ ከፍለውት፣ ስፕሬዱ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ ዋጋ እንዲጠራ ይዋዋላሉ፣ ስምምነቱም በይፋ ይነገራል አለ። አሜሪካ ውስጥስ ለምን አይሆንም? 24ኛው ፊንራ 5250 በሚለው ደንቡ ኩባንያው ለማርኬት ሜከር ዋጋ እንዲጠራለት እንዳይከፍል መከልከሉን ነገረው፤ የተከፈለበት ዋጋ ተመልካችን ያታልላል በሚል ፍርሃት። የስዊድኑ መንገድ ለእኔ የተሻለ ይመስለኛል፤ ክፍያው በግልጽ ከታወቀ ምኑ ያስፈራል? ግን የፈርስት ጀርሲን ታሪክ የሚያስታውስ ተቆጣጣሪ መፍራቱም አይገርመኝም።

25ኛው ነገሩን ወደ አገር ቤት ወሰደው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ሲከፈት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር፤ እዚያስ ቢድና አስክ ሁልጊዜ እንዲኖር የሚያደርገው ማን ነው ሲል ጠየቀ። የኢትዮ ቴሌኮም 300 ብር አክሲዮን ለኢትዮጵያ ዜጎች ብቻ በመሆኑ መግዛት ስላልቻለ ቅሬታውንም ጨመረ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ግን ማንም አልመለሰለትም፣ ክሩ የተከፈተበት ጉዳይ አይደለምና።

26ኛው ከቴሌግራም የመጣ ነው። በአማርኛ የሚያወራ አንድ የአክሲዮን ቡድን ውስጥ ነበር፤ አስተዳዳሪው ማታ ማታ የነገውን ቲከር (የሚገዛውን አክሲዮን ምልክት) ይሰጣል፣ ጠዋት ሁሉም ይገዛል፣ ረፋድ ላይ አስተዳዳሪው ዝም ይላል። ዋጋው ሲወድቅ ምክንያቱ ሁልጊዜ ማርኬት ሜከሮቹ አጠቁን የሚል ነው። አስተዳዳሪው ራሱ አስቀድሞ ገዝቶ በእነሱ ላይ መሸጡን የተረዳው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። የፈርስት ጀርሲን ወንበር የያዘው እንግዲህ ይህ ነው፤ የማርኬት ሜከር ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ስልክና ቋንቋችን ይበቁታል። ዋጋን ማስነሣት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ለማሳየትም በ2014 የሆነውን የሲንክ ቴክኖሎጂ ጉዳይ ጠቀሰ። ገቢ የሌለው፣ አድራሻው ቤሊዝ የሆነ ኩባንያ ነው፤ አክሲዮኑ ከሳንቲሞች ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ20 ዶላር በላይ ደረሰ፣ በወረቀት ላይ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ያለው መሰለ፤ ኤስኢሲ በጁላይ 11 ግብይቱን አገደ።

27ኛው ሁላችንም ያለፍነውን ነገር አነሣ፤ ማርኬት ሜከር የሚጎዳው ሲኖር ሳይሆን ሲሄድ ነው የሚል። ከሴፕቴምበር 28 ቀን 2021 ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው በተሻሻለው 15ሲ2-11 ደንብ መሠረት፣ ወቅታዊ መረጃውን ለሕዝብ ባላወጣ ኩባንያ አክሲዮን ላይ ማርኬት ሜከሮች በይፋ ዋጋ መጥራት አይችሉም። በዚያን ጊዜ ሁለት አክሲዮኖቹ ወደ ኤክስፐርት ማርኬት ወረዱበት። ተራ ሰው ጥሪውን አያይም፤ ብሮከሩ አዲስ ግዢ አይቀበለውም፤ መሸጥ ይቻል እንደሆነ ለመጠየቅ ስልክ ደውሎ ረጅም ወረፋ ጠብቋል። አክሲዮኑ ያው ነው፣ ኩባንያውም ያው ነው፤ የጠፉት አራትና አምስት ዋጋ ጠሪዎች ብቻ ናቸው። ሲረግማቸው የኖረው ስፕሬድ እንኳ ናፈቀው።

28ኛው የተለየ ጥያቄ አመጣ፤ እንዲህ ያለ የማይሸጥ አክሲዮን ኪሳራው ከታክስ ይቀነሳል ወይ የሚል። 29ኛው መለሰለት። ኪሳራ ሌላ የአክሲዮን ትርፍ ካለ ያንን ያካክሳል፤ ከዚያ የተረፈው በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ከደመወዝ ገቢ ላይ ይቀነሳል፣ ቀሪው ወደ ቀጣዩ ዓመት ይተላለፋል። ያንኑ አክሲዮን ከሽያጩ በፊት ወይም በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ መልሶ የገዛ ሰው ግን ኪሳራውን ለጊዜው አይቀንስም። ገዢ ከጠፋ ደግሞ አንዳንድ ብሮከሮች ዋጋ ያጣውን አክሲዮን በሳንቲም ተቀብለው ከአካውንቱ ያወጡለታል፤ ቅጹን ዓመቱ ሳያልቅ መጠየቅ ይሻላል፣ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ወረፋው ረጅም ነው።